ምላጭ ሲሳል የሚባል ጸሎት

ስለ ጋሼ ለመጻፍ ስነሳ እጄ ፈራ ተባ ይላል። በቅጡ አላውቃቸውማ። የማውቀው ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ በመስታወት ያየሁትን ያህል ነው። ፀጉር አስተካካይ ናቸው።

ምላጫቸውን በቆዳ ጠፍር ላይ ሲስሉ “አባታችን ሆይ”ን በለሆሳስ ይላሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ምላጩም ተሳለ ማለት ነው። ታዲያ “እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል” የሚለው ጋ ሲደርሱ ዝም ብለው ምላጩን ያመላልሱና የቀረውን ይቀጥላሉ። ምክንያቱን የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት የከፈተው የቀድሞ ባልንጀራቸው “የሱ ምላጭ ቆዳ ያቆስላል” ብሎ አስወርቶ ደንበኞቻቸውን ነጥቋቸዋል።

ያ ሰው አሁን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ቤት ውሏል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ ሳለ፣ ሴት ልጁ ገባች።

“ጋሼ፣ ነገ ሰርጌ ነው። አባዬ ‘እንዲህ ተንጨባርሬ ሰው ፊት አልቀርብም’ ብሎ ላይመጣልኝ ነው። ልላጨው ብሞክር ቆረጥኩት።”

ጋሼ ምላጩንና ጠፍሩን በጨርቅ ጠቀለሉ።

“ተነስ፤ ሳፋውን ያዝልኝ” አሉኝ። በአንድ ጉንጬ ሳሙና እንደተቀባሁ ተከተልኳቸው።

በሽተኛው ትራስ ተደግፎ ነበር። ሲያያቸው ደህናው የአፉ ጎን ፈገግ አለ።

“አንገቴን ላንተ ልስጥ? የበቀል ቀንህ ደረሰ በለኛ።”

“መበቀል ብፈልግማ ፂምህን እንዳለ ትቼልህ እሄድ ነበር። አገጭህን ቀና አድርግ።”

“ምላጭህ ቆዳ ያቆስላል ይባላል።”

“ማን አለ?”

ሰውዬው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ጋሼ ጠፍሩን አልጋው ራስጌ ላይ አስረው መሳል ጀመሩ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም።

በማግስቱ አባትየው፣ ጉንጩ እንደ እንቁላል ለስልሶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ከሙሽራዋ ጎን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካዮች ተራ ገብተው የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ቤት ለቤት ይላጫሉ። ያዘዛቸው የለም። ዓለምን የሚያቃኑት ትልልቅ ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። እግዚአብሔር በአንድ ምላጭም ይሠራል መሰለኝ።

በቀደም ወንበራቸው ላይ ሆኜ እንደምንም ደፈርኩ።

“ጋሼ፣ ያን ቀን ያቺን ቃል አሏት እንዴ?”

ምላጩን አገጬ ስር አስጠጉ።

“አትናገር፤ እንዳልቆርጥህ።”