ከጓዳ የመጣ ጥሪ

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ሐይቅ ከተማ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ዓሣ ጥብሴን እየበላሁ ሳለ የገባልኝን መልእክት ብከፍተው ስልኬ «ሰይድ» አለኝ። እኔም «አቤት» አልኩ። የተቀዳ ድምፅ መሆኑ ትዝ ያለኝ ደንበኞቼ ሲስቁብኝ ነው። ይሳቁ። ለተቀዳ ድምፅ አቤት ማለትን የተማርኩት በወጣትነቴ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ከአንዲት እናት ነው።

መንደራችን ከውጫሌ ሽቅብ ነው። መንደሩንና ትምህርት ቤቱን ወንዝ ይለያቸዋል፤ የግንድ ድልድዩን ደግሞ ያኔ፣ በቀደመው ክረምት፣ ደራሽ ውኃ ጠርጎት ነበር። የዚያን ዕለት ውኃው የጎረቤታችንን በሬ ይዞ ሲሄድ አባቴ በዓይኑ አይቷል። ታናሽ እኅቴ ከድጃ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን የምትወስደው ሰኔ ላይ ነበር። አባቴ ቁርጡን ተናገረ፦ «ዝናብ ከጣለ ልጄን ለወንዝ አልሰጥም። ፈተናው ይቅር።» ፈተናው ከቀረ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወይ ባል፣ ወይ ዐረብ አገር።

እኔንና ጓደኛዬን አበባውን በዚያ ሰሞን የፌስቡክ ፍቅር ይዞን ነበር። በመንደራችን ስም ገጽ ከፈትን፣ የወንዙን ፎቶ ለጠፍን፣ «ቅዳሜ የድልድይ ደቦ» ብለን ጻፍን። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው አናት ላይ ብቻ ስለሆነ ስንወጣ ስንወርድ ሰነበትን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤሩት የአገራችን ልጆች «አላህ ይጨምርላችሁ»፣ «እመብርሃን ትርዳችሁ» እያሉ አጥለቀለቁን። አበባው ሰው በዝቶ ድንጋዩ እንዳያንስ ሰጋ።

ቅዳሜ ማለዳ ወንዙ ዳር የተገኘነው እኔ፣ አበባውና ሁለት አካፋ ብቻ ነበርን። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ የመንደራችን ሽማግሌ፣ ሼህ ይማም፣ ቆም አሉ።

«ምን ትሠራላችሁ፣ ልጆቼ?»

«ደቦ ጠርተን ነበር፣ አባባ።»

«ማን ደጅ ቆማችሁ ጠራችሁ?»

አበባው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

«ደቦ በስም ነው የሚጠራ። ሳይጠራ የሄደ ሰው ‹ለንፍሮው መጣ› ይባላል። ይህን ማን ይሻል?»

ባሕር ማዶ ድረስ ስንጣራ ከርመን የጎረቤቶቻችንን ደጅ አልረገጥንም ነበር። ወዲያው ኮረብታው ላይ ሮጠን «ላይኩ ይቅርብን፤ እናት አባታችሁን በድምፃችሁ፣ በስማቸው ጥሩልን» ብለን ለጠፍን። ቀኑንም ማክሰኞ አደረግነው፤ ጁምዓም አይደል፣ የማርያም ቀንም አይደል። እስከ ምሽት የአበባው ስልክ በድምፅ ሞላ።

በማግሥቱ ስልኩን ይዘን በየደጁ ዞርን። እማማ ዘሃራ ደጅ ቆመን ድምፁን ከፍ አደረግነው። «እማ፣ ሁሴን ነኝ። ማክሰኞ ለድልድዩ ደቦ ውጭልኝ።»

«አቤት፣ አቤት ልጄ» አሉ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። «ምሳህን በላህ?»

ስልኩ አይመልስም። አበባው አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን «እወጣለሁ በሉት» አሉን።

በመጨረሻ የቀረው የእኛ ቤት ነበር። እኛ ደግሞ ማዶ የሄደ ሰው የለንም። አባቴን ማን ይጥራው? ከድጃ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ጓዳ ገባች። ስትመለስ «ክፈተው» አለችኝ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማ፦

«አባ፣ ከድጃ ነኝ። ሌላው ልጁን ከጅዳ ይሰማል፤ እኔ ከዚሁ ከጓዳ ነው የምጠራህ። ማክሰኞ ውጣልኝ።»

አባቴ ስልኩን አየ፣ ጓዳውን አየ፣ እንደ ምንም ሳቁን ዋጠው። «አቤት» አለና መጥረቢያውን ከተሰቀለበት አወረደ።

ማክሰኞ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወንዶቹ ባሕር ዛፍ ይጥላሉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ፤ ጭኮው፣ ንፍሮው፣ የእርጥብ ግንዱ ሽታ፣ ዘፈንና መንዙማው ተደባልቋል። እንዲያ ተደስቼ የማውቅ አይመስለኝም። አመሻሹ ላይ ድልድዩን መጀመሪያ የተሻገረችው ከድጃ ናት፤ አባቴ ከኋላዋ እጁን ዘርግቶ ይከተላል። ፈተናዋንም በዝናብ ሄዳ ተፈተነች።

ዛሬ በስልኬ «ሰይድ» ያለችኝ እሷ ናት። በዚያው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ግንዱ አርጅቷልና ተማሪዎቿ የመንደሩን ሰው በያለበት ለአዲስ ደቦ በድምፅ እየጠሩ ነው። ሽበት ጣል ጣል ቢያደርግብኝም በስሜ ስጠራ አሁንም ልቤ ዘለለ። ሰው የሚወጣው ለፎቶ ሳይሆን ለስሙ ነው።

መልሼ ደወልኩላትና «አባንስ ማን ጠራው?» አልኳት።

«ማንም» አለች። «‹ያኔ ተጠርቻለሁ› ብሎ ከትናንት ጀምሮ መጥረቢያውን እየሳለ ነው።»