የፓርኪንጉን በር የሰበረው ተጫዋች

ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ባለፈው ቅዳሜ አውሮራ ከተማ ባለው ቤታችን ምሳ ላይ አመለጠኝ።

ባለቤቴ ሳምሶንና ወንድሙ ዳዊት የሁለት ተቀናቃኝ ኮሌጆች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች ደጋፊዎች ናቸው። ስለ ጨዋታው ተከራክረው ሲጨርሱ ወደ ተጫዋቾቹ ጥፋት ይሻገራሉ።

«የእናንተዎቹ ባር ውስጥ ሲደባደቡ አይደል የተያዙት?» አለ ሳምሶን።

«የእናንተስ ኮከብ? የፓርኪንግ በር ሰብሮ ታግዶ፣ ከእኛ ጋር የነበረው ጨዋታ አላመለጠውም? ዱርዬ!» አለ ዳዊት።

በሩ በተሰበረ ጊዜ፣ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው ላይ ያለ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሳምንቴ ነበር። መኪናዬን ሳወጣ በሩን ገጨሁት። ከኋላዬ መኪናው ውስጥ የነበረው ያ ተጫዋች ማልቀሴን አይቶ፣ ማናጀሩ ሲመጣ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። በእሱ ምክንያት ከሥራዬ አልተባረርኩም፤ እስከ ዛሬ ስጸልይ ስሙን እጠራለሁ። እሱን ዱርዬ ሲሉት መስማት ግን አቃተኝ።

«እሱ አይደለም የሰበረው፤ እኔ ነኝ» አልኩና አቀርቅሬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሳምሶን ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «ታዲያ ያን ቀን የተሸነፍነው በአንቺ ነዋ!»

ዳዊት ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ!»