የፋብሪካ ክር

ልጅ ሳለሁ የሆነውን ስጽፍ አንባቢ ዝርዝሩን ሳያዛንፍ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ። ልብሱ ነጠላ አልነበረም፤ አራት ድርብ ያለው አዲስ ጋቢ ነበር። ዳሩን የሰፋሁበትም የእናቴ ፈትል ሳይሆን ከሱቅ የገዛሁት የፋብሪካ ክር ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ዕድሜዬም አሥራ ስድስት። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቴና ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አንጁሎ ጎን ለጎን ይሸምኑበታል። ያኔ ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ይቀረቀርና ጋሽ አንጁሎ እግራቸውን ከሸማ ጉድጓዱ ሳያወጡ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ በኩራዝ ብርሃን ተረት ይነግሩን ነበር።

እኔና የክፍል ጓደኛዬ ማቴዎስ በራሪ ወረቀት እናደርስ ነበር። ከክፍላችን በየሳምንቱ አንድ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ያኔ ግን የተያዘ ሁሉ እኔ የማልሠራውን ስሕተት የሠራ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን በጋቢ ድርቦች መካከል አንጥፎ ዳሩን መስፋት የእኔ ብልሃት ነው። ሁለት ሰፋሁ፤ አንዱን ለማቴዎስ ሰጠሁት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀጨኔ ልንወስዳቸው ነበር።

በዚያ ምሽት ጋሽ አንጁሎ በረዳቸውና «ያንን ጋቢ አቀብለኝ» አሉኝ። እንዴት እምቢ ልበል? ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው በአባያ ሐይቅ ዳር ውሃ ስለሚጠጡ ድኩላዎች ጀመሩ። አዞው በየቀኑ አንዱን ይወስዳል፤ የቀረው ወጣት ድኩላ ሁሉ ደግሞ «እኔ ንቁ ነኝ፤ እኔን አያገኘኝም» እያለ ይመጣል።

«አዞውስ ምን ይላል?» አለች ታናሽ እህቴ።

«ምን ይላል፣ አፉ ሙሉ ነው» አሉ። ሳቅን። ወዲያው ጣታቸው የጋቢው ዳር ላይ ቆመ። «ከዋጠ በኋላ ግን ‹ይሄም የሚጣፍጠው እንደ ትናንቱ ነው› ይላል።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየመዘዙ ፍሙ ላይ ጣሉ። የአባቴ መወርወሪያ እጁ ላይ ቀረ። ነበልባሉ ቤቱን በሙሉ ሲያበራው የቡትስ ኮቴ በራችን ላይ ደርሶ ቆመ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ኮቴው ቁልቁል ሄደ።

«የሸማኔ ልጅ ጋቢ በሱቅ ክር ይሰፋል?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሸማ የሚያውቅ ሰው ኬላ ላይ ቢቆምስ? ስንት ሰፋህ?»

«አንድ» አልኩ። ቢያንስ ማቴዎስ ያድርስልን ብዬ ነው፤ እሱም ብልህ ነው፣ አይያዝም ብዬ።

በማግስቱ አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ አላስወጣኝም። ማቴዎስ ቀጨኔ አልደረሰም። ከኬላው ጠባቂዎች አንዱ ሸማኔ ነበር፤ ዳሩን ገና ሲዳስሰው አወቀው አሉ። እናቱ ጋቢውን ማን እንደ ሰፋው ሳትጠይቀኝ ሞተች።

አሁንም ጋቢ ስገዛ አስቀድሜ ዳሩን እዳስሳለሁ። ክሩ የእኔ እንደ ነበር ተቀብያለሁ፤ ውሸቱም የእኔ እንደ ነበር። ለዚያ አዞ እኔና ማቴዎስ አንድ እንደ ነበርን ግን ለብዙ ዓመት አልተቀበልኩም።