የራዊሪ ትራስ

አክስቴ ሜሬያና በሆዱ የተደፋ ነገር አይታ አታልፍም፤ ትገለብጠዋለች። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትገለብጠው ባሏን አጎቴ ፓራቴኔን ነው። ፊቱን ትራስ ውስጥ ቀብሮ ሲያንኮራፋ ታገኘውና ትከሻውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጀርባው ትመልሰዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?» ይላል ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሕፃንማ ብትሆን መች እንዲህ ትከብደኝ ነበር!»

ከዚያ ወደ ሱቅ ስትወርድ መስኮቱ ላይ የተደፋችውን አሻንጉሊት ታቃናለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በፊቱ የተደፋ የመዝሙር መጽሐፍ ካየች እጇን ይበላታል። የባሕር ዳርቻችን ሰው ሁሉ ለምዷታል። ዓሣ አጥማጆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «አክስቴ፣ አትስጊ፤ ዓሣዎቹን በጀርባቸው አስተኝተናቸዋል!» እያሉ ከጀልባቸው ይጮኻሉ።

ሥራዋ ዋሀኩራ መጎንጎን ነው። ዋሀኩራ ከቃጫ ቅጠል የሚሠራ ጠፍጣፋ ቅርጫት ነው፤ ሕፃኑ ከእናቱ ጎን ሳይርቅ፣ ግን በራሱ መኝታ ይተኛበታል። አክስቴ ቃጫውን ስትቆርጥ መሃል ያለውን ለጋ ቅጠል አትነካም። እሱ ልጅ ነው፤ በግራና በቀኙ ያሉት ደግሞ እናትና አባቱ ናቸው፤ ቤተሰብ አይበተንም። ቅጠሉን በባሕር ዛጎል እየፋቀች፣ እርጉዞቹን ዙሪያዋ አስቀምጣ ታወራቸዋለች።

ጤነኛ ሕፃን ተኝቶ ሳይነቃ የሚቀርበትን ያን ክፉ ነገር ሐኪሞቹም ጨርሰው አልደረሱበትም። አክስቴም አውቃለሁ አትልም።

«የማላውቀውን አላውቅም» ትላለች። «በሆዱ የተኛ፣ ፊቱ ልስልስ ነገር ውስጥ የገባ፣ ጭስ የሚደርስበት ልጅ ግን ይበልጥ እንደሚያሰጋ አውቃለሁ። ክፉው የሚገባበትን በር ሁሉ መዝጋት ባንችል የምንችለውን እንዝጋ። በይ አንቺ፣ ኪስሽ ውስጥ ያለውን ሲጋራ ወዲህ በይ። አየሁሽ!»

ባለፈው በጋ የእማማ ቴ ፓኤያ ሰማንያኛ ዓመት ሲከበር ዘመድ ሁሉ መሰብሰቢያ ቤታችን ገባ። ፍራሾች በግድግዳው ዙሪያ ተነጠፉ፤ ትራሶች በየራስጌው ተደረደሩ። የእማማ የልጅ ልጅ ሂኔራውም ሦስት ወር ያለፈውን ልጇን ራዊሪን ታቅፋ መጣች። ሂኔራው እርግዝናዋ እስኪጋመስ ድረስ ታጨስ ስለነበር፣ አክስቴ ለዚህ ልጅ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ ትሰጋ ነበር።

ከምሳ በኋላ ራዊሪ እንቅልፉ መጣ። እናቱ ዋሀኩራው ውስጥ በጀርባው አስተኛችው። ይህን ጊዜ እማማ በገዛ እጃቸው የሰፉትን ትልቅ የዳክዬ ላባ ትራስ ከሻንጣቸው አወጡ።

«የኔ ጌታ! እንዲህ ደረቅ ነገር ላይ ይጣሉህ?» አሉና ትራሱን ከሥሩ አነጠፉለት። ከዚያ ልጁን በሆዱ አስተኙት። አፍንጫው ልስልሱ ውስጥ ሰመጠ።

ሂኔራው በጭንቅ አክስቴን አየቻት። በዚያ ቤት፣ በልደታቸው ቀን፣ በዘመድ ሁሉ ፊት እማማን «ተሳስተዋል» የሚል ሰው ገና አልተወለደም። አክስቴ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ እስቲ ትንሽ ላቃናው» ብላ ገለበጠችው።

«ዘጠኝ ልጅ ያሳደግኩ ሴትዮ ነኝ!» አሉና መለሱት።

«እግዜር ያኑርልዎ። ዘጠኙም ይኸው በር አያስገባቸውም።» ገለበጠችው።

«ግሳቱ የሚወጣለት በሆዱ ሲተኛ ነው!» መለሱት።

ራዊሪ ጨዋታ መስሎት እግሩን እያወራጨ ይስቃል። በተገላበጠ ቁጥር ሳቁ ይብሳል።

«ኧረ በሕግ!» አለ አጎቴ ፓራቴኔ ከጥግ ሆኖ። «ልጁ የሚጠበስ ዳቦ አይደለም እኮ! በሁለቱም በኩል እስኪቀላ ነው የምትጠብቁት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እማማ ግን ፊታቸውን አልፈቱም። ልጁን ለእናቱ አቀበሏት፤ ትራሱን ፍራሹ ላይ አኖሩት።

«ትራሱን ልብሱን ላልብሰውና እኔው ራሴ ልጁን በሆዱ አስተኛዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚነካው ሰው ይምጣ፣ አየዋለሁ!» ብለው ወደ ሻንጣቸው ዞሩ።

ያኔ ነው አክስቴ «ውይ እግሬን!» ብላ ተንገዳግዳ በሙሉ ክብደቷ ትራሱ ላይ ዘፍ ያለችው። ስፌቱ ተተርትሮ ላባው ቦነነ።

በእኛ ዘንድ ራስ ክቡር ነው። ራስ የሚያርፍበት ትራስ ላይ ሕፃን እንኳ ቢቀመጥ በጩኸት ይነሣል፤ መቀመጫ የነካው ትራስም ዳግመኛ ራስ አይነካም።

«አክስቴ!» ጮኸች ሂኔራው። «አንቺ! 'ከትራስ ላይ ተነሡ' እያልሽ ያሳደግሽን!»

«እግሬ ከዳኝ» አለች አክስቴ፤ አንድ ላባ ቅንድቧ ላይ ቆሟል።

«በቃ፣ ይሄ ትራስ ለውሻው ነው» አለ አጎቴ።

«ውሻውም ይጠየፈዋል!» አሉ እማማ። አሉና አፋቸውን ያዙ፤ ግን አልቻሉም፣ ሳቁ ፈነዳባቸው። እሳቸው ሲስቁ ሁላችንም ተከተልን። እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ እኛ ስንተው እንባው አልተዋቸውም።

ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ዘጠኝ አሳደግኩ» አሉ ቀስ ብለው። «የወለድኩት ግን አሥር ነው። አንዱ በሆዱ እንደተኛ ቀረብኝ። በሆዱ አስተኚው ያለችኝ ነርሷ ናት፤ እኔ እንዳለችኝ አደረግኩ። እንግዲህ በሆዱ መተኛቱ ከሆነ…»

አልጨረሱትም። አክስቴ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሉት፣ እማማ። ነርሷም አላወቀች፣ እርስዎም አላወቁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

እማማ አፍንጫቸውን ጠረጉና «አምጪው» አሏት ሂኔራውን። ራዊሪን ተቀበሉ፤ ባዶው ዋሀኩራ ውስጥ በጀርባው አጋደሙት።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው። ያቺን ስስ ብርድ ልብስ ደግሞ ከብብቱ በታች ጠቅጠቅ ያድርጉለት፤ ፊቱ ላይ እንዳትወጣ።»

ጠቀጠቁለት። ራዊሪ ጣሪያውን አየ፣ እማማን አየ፣ እንደ ትልቅ ሰው አገሳ።

«እንዴ! በጀርባውም ይወጣል ለካ!» አሉ እማማ፤ ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ።

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት አክስቴ ቅጠል እየፋቀች ነበር። «ሁሉንም ጻፊው» አለችኝ፤ «እማማም ፈቅደዋል።» አንድ ነገር ብቻ እንድተው ለመነችኝ፤ ስትለምነኝም ከሳቋ የተነሣ ዛጎሉ ከእጇ ወደቀ። «ውይ እግሬን!» ከማለቷ በፊት፣ እማማ ወደ ሻንጣቸው እንደዞሩ፣ መነጽሯን ከኋላ ኪሷ አውጥታ በጥንቃቄ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ነበር።