በደብተሬ የሞተው ልጅ

እኔ ተረጋግቼ ጽፌ አላውቅም። በዘጠናዎቹ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ፣ የምጽፈው ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ መስመር። ማዳም ስትመጣ ደብተሩን ከታጠፈው አንሶላ ሥር እሸጉጠዋለሁ። ያልጨረስኩት ዐረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲበላኝ ይውላል፤ ስንት ብርጭቆ የሰበርኩት በዚህ ጦስ ነው።

እረፍታችን ጁምዓ ነው። የወሎ ልጆች አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ በጋራ የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረችን። እዚያ ጸጉር እንሠራራለን፣ ሰው እናማለን፣ እኔም የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ። ከሁሉም አብልጣ የምታዳምጠኝ ቡሪ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ነበረች። ትንሽ ልጇን ለእናቷ ትታ መምጣቷን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

እኔ ጉደኛዋ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ምስጢሯን ታሪክ አድርጌ ጻፍኩት። ስም ቀየርኩ፣ አገር ቀየርኩ። መጨረሻው አልሆን ሲለኝ ልጁን በወባ ገደልኩት። ወላሂ፣ እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት፤ እያለቀስኩም ደስ ብሎኛል፣ አምሮ ነበርና።

ጁምዓ ሳነበው ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። እሷ ግን በግማሽ የተሠራ ጸጉሯን በሻሽ ሸፍና ተነሳች።

«በደህናው ልጄ ላይ ለምን ታሟርቺበታለሽ?» አለችኝ።

የፈጠራ ወሬ ነው፣ ያንቺ ልጅ አይደለም ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። በረክሻ፣ ማለት በባጃጅ፣ ሄደች።

እኛ አገር በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ቀልድ አይደለም፤ ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት አሉኝ። መንደራቸው ስልክ የለም። ከተማ ላለ ባለሱቅ ይደወላል፣ እሱ በገበያተኛ መልእክት ይልካል፣ አያትየው ልጁን ይዘው ለሰኞ ገበያ ይወርዳሉ፣ ያኔ እንደገና ይደወላል። ሁለት ሰኞ ደወለች፤ አልመጡም። እኔም መቀመጫ አጣሁ። ክብሪት አነሳለሁ፣ ደብተሩን ላቃጥለው እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ እዚያው ገጽ ላይ አንድ ቃል አስተካክልና መልሼ እዘጋዋለሁ። እንዲህ ያለሁ ጉድ ነኝ።

በሦስተኛው ሰኞ ለማዳም ጥርሴን አመመኝ ብዬ ስልክ ቤት ሄድኩና አጠገቧ ቆምኩ። ነይም አላለችኝ፣ ሂጂም አላለችኝ። አያትየው ታመው ኖሯል የቀሩት። ልጁ ራሱ አናገራት። ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

«ደህና ነው። አሁን ከደብተርሽም ላይ አድኚልኝ» አለችኝ።

እሺ ብዬ አቀፍኳት። ነገር ግን ደህና ነው ስትለኝ፣ ከአልሐምዱሊላህ በፊት በልቤ ያለፈው ምን እንደሆነ አላህ ያውቃል። መጨረሻዬ ሊበላሽ ነው አልኩ።

ጓደኛዬ ፊደል አልቆጠረችም። በሚቀጥለው ጁምዓ አንብቢልኝ ስትል ደብተሩን ገለጥኩና ልጁ ከወባው እንደዳነ፣ እናቱም መጥታ እንደወሰደችው ከአፌ እየፈጠርኩ አነበብኩላት። እጄን ይዛ መረቀችኝ። ዓይኔ ያረፈበት ገጽ ላይ ግን ልጁ ሞቷል፤ አንዲት ፊደል አልነካሁም።