መዝገቡ ላይ የሌለችው እህቴ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከደጄ አባረርኩ መባሉን ሰማሁ። ሐሰት ነው። ምሳ ሳላበላት አልሸኘኋትም። የጮኽኩት በራሴ ላይ ነው።

ተማሪዋ የምታጠናው በከሚሴ የሚደርሰውን የመኪና አደጋ ነው። ዛሬ ረፋድ ከፖሊስ መዝገብ የገለበጠችውን ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ደስ ይበልዎ! ደጅዎ ባለው ማቋረጫ የሞተ ሰው የለም። ስለዚህ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራባቸው ካልናቸው ቦታዎች ውስጥ አላስገባነውም» አለችኝ።

መጠይቋ ላይ የፊደል ስህተት እያረምኩላት ነበር (ብዙ ነው)። እስክሪብቶውን ጥዬ «ምን ነበር ያደረግሁት!» ብዬ በራሴ ላይ ጮኽኩ።

ታናሽ እህቴን ዘይነባን አምና ከገበያ ስትመለስ እዚያው ማቋረጫ ላይ ሚኒባስ ገጫት። በሦስተኛው ቀን እኔ ቤት ሞተች። ሽማግሌዎች ሹፌሩን ይዘው መጡና «ፖሊስ አይግባበት፣ አውፍ በዪው፣ ይቅር በዪው» አሉኝ። የልጆች አባት ነው። «ረቢ ያየዋል፣ አውፍ ብያለሁ» አልኩ። ሁሉም መረቁኝ።

በአስተማሪነት ዘመኔ ከክፍል የቀረ ተማሪ ሳልመዘግብ የዋልኩበት ቀን የለም። የእህቴን ሞት ግን ሳላስመዘግብ ቀረሁ። ዛሬም ተማሪዎች በዚያው ሲሻገሩ በመስኮት አየኋቸው።

እናንተ ዘንድስ በሽምግልና አልቆ ከመዝገብ የቀረ ሞት አለ? ጻፉልኝ።

ነገ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጀመሪያ ሹፌሩ ቤት እሄዳለሁ። «አውፍ ያልኩህ እንዳለ ነው፤ የእሷ ሞት ግን መመዝገብ አለበት» እለዋለሁ። ከዚያ ወደ ትራፊክ ፖሊስ። ከፈቀደ አብረን እንሄዳለን፤ ካልፈቀደ ብቻዬን።