የተዘቀዘቀ ነጠላ

ትናንት እዚህ አትላንታ፣ ዶራቪል ባቡር ጣቢያ አንዲት ሐዘንተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማ አየሁ። ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ እንኳ ዓይኔን ከእሷ መንቀል አልቻልኩም።

በሰማንያዎቹ፣ እናቴ አዲስ አበባ ቀርታ እኔ አትላንታ ከአክስቴ ጋር ስኖር፣ ሠዓሊዋ ጎረቤታችን ሚስ ዶሮቲ ድግስ ጠራችኝ። እንግዳው ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩትን የአውሮፓ ሠዓሊዎችና ባለቅኔዎች መስሎ፣ እንደ እነሱ ለብሶ የሚመጣበት ድግስ ነበር። ሚስ ዶሮቲ ቤታችን መጥታ አክስቴ እያየች ናፍታሊን የሚሸት ጥቁር ከፋይ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ባለ ላባ ባርኔጣ ደፋችልኝ። በመጨረሻ እናቴ የላከችልኝን ነጠላ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጋ ደረበችልኝ።

«እትዬ፣ እዪኝማ! ሰው የሞተብኝ መሰልኩ» ብዬ እየሳቅሁ ላስተካክለው ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው ልጄ፣ እንዲሁ ይሁን» አለችና ፊቷን አዞረች።

በሳምንቱ ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ አረዳኝ። እናቴ ከሞተች ወር አልፏት ነበር፤ አክስቴም ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

«አይዞሽ፣ ሳታውቂም ቢሆን ሐዘኗን ለብሰሽላታል» አለችኝ ደረቷን እየመታች።

ሰዉ እስከ ዛሬ ብልህነቷን ያወራል። እኔ ግን የእናቴን ሐዘን ለብሼ፣ እዚያ ድግስ ላይ ላብ እስኪያጠምቀኝ ጨፍሬአለሁ።